የጉዞ ገጻችሁ ሮምን ለማን ነው የጻፈው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሮም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ኮሎሲየሙም፣ ትሬቪ ፏፏቴውም፣ የቪያ ኮንዶቲ ውድ ሱቆችም አልቀሩም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኛ ሰው የተጻፈ አልመሰለኝም። ለሚጾም፣ አሳማ ለማይበላ፣ ዩሮዋን እየቆጠረ ለሚያወጣ፣ ከዘመድ የጫማ ቁጥር ተቀብሎ ለሄደ ሰው አንዲት መስመር የላችሁም።

ከምግቡ ልጀምር። ካርቦናራ የሚባለውን ፓስታ ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር መክራችኋል። ኧረ ተዉ! ካርቦናራ እኮ የአሳማ ጉንጭ አለበት። ጉዋንቻሌ ይሉታል፣ ተከትፎ ስለሚጠበስ ሳህኑ ላይ ሲታይ ቋንጣ ይመስላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠረጥር ይጎርሰዋል። አማትሪቻናና ግሪቻ የሚባሉት ፓስታዎችም ያው ናቸው። ከሮም ስመ ጥር ፓስታዎች ሥጋ የማይገባበት ካቾ ኤ ፔፔ ነው፣ የበግ ወተት አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። ለፍስክ ቀን ግሩም ነው። በጾም ደግሞ ፒዛ ማሪናራ አለ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፣ አይብ አይነካውም። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው። ለማንኛውም አስተናጋጁን "ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ" ማለት ነው፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ። ሁለት ሐረግ ናት፣ ብትጽፏት ምን ነበረበት?

ቡናውን ቆሞ መጠጣት ነው። ተቀምጠው ካዘዙ፣ በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ፣ ዋጋው ሌላ ነው። የአዲስ አበባን ማኪያቶ የለመደ ሰውም ትንሿን ሲኒ አይቶ "በቃ ይሄው ነው?" እንዳይል ከወዲሁ ይወቅ።

ውኃ በፕላስቲክ እየገዙ ገንዘብ መጨረስም አያስፈልግም። በየመንገዱ ከ2,000 በላይ የሕዝብ ቧንቧ አለ፣ ቀን ከሌት ይፈሳል፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፣ ጠርሙስ ይዞ መሙላት ብቻ።

ሮም ውድ ናት የሚባለው ሱቅ ለሱቅ ለሚዞር ነው። ናቮና አደባባይ አጠገብ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መግቢያ አይከፈልም። ግራው ጥግ ላይ ሠዓሊው ካራቫጆ የሳላቸው የቅዱስ ማቴዎስ ሦስት ሥዕሎች አሉ። በአንዱ ቀራጮቹ ጠረጴዛ ከበው ሳንቲም እየቆጠሩ ነው፣ ክርስቶስ ከቀኝ በኩል ገብቶ እጁን ዘርግቷል፣ ብርሃኑ ከእጁ በላይ አልፎ ፊታቸው ላይ ያርፋል። አንዱ ልጅ ግን ቀና እንኳ አላለም፣ ሳንቲሙ ላይ አቀርቅሯል። ይሄን በነጻ የሚያሳይ ከተማ የት አለ? ትከሻና ጉልበት መሸፈን የግድ ነው፣ እዚህ ላይ ነጠላ የያዘች ሴት ሌላው ቱሪስት ሻርፕ ሲፈልግ ቀድማ ትገባለች። ፓንተዮን የሚባለው ጥንታዊ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያስከፍላል፣ ሲጀምር 5 ዩሮ ነበር፣ ይገባዋልም። ጣሪያው መሃል 9 ሜትር ገደማ ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ቀጥታ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ለውኃው መውረጃ ብለው ወለሉን በስተውታል።

የእኛን ታሪክ ደግሞ ጭራሽ ዘለላችሁት። ሰው ከኤርፖርት መጥቶ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ የሚያገኘው የአውቶቡስ ተራ ፒያሳ ዴይ ቺንኮቸንቶ ይባላል፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች የተሰየመ ነው። የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው ፖርታ ካፔና ላይ፣ ዛሬ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሻ መነኮሳት የኖሩበት ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እንዲሁ ዘው ተብሎ ባይገባበትም። የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በኢትዮጵያዊው መነኩሴ በተስፋ ጽዮንና በባልደረቦቹ ድካም እዚያው ሮም ነው፣ በ1548 እና 49 እ.ኤ.አ.። ለአንድ ፋሽን ሱቅ ሁለት አንቀጽ የሰጠ ጋዜጣ ለዚህ ቦታ አጣ?

ሸመታውንም አልጠላም። ግን የሚጠቅመውን ጻፉ። ትልቁ ቅናሽ በጥር መጀመሪያና በሐምሌ መጀመሪያ በፈረንጆቹ ነው የሚገባው። ኑሮው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ ሰው በአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛ ፓስፖርቱን አሳይቶ ቫቱን የሚያስመልስበትን የታክስ ፍሪ ወረቀት መጠየቅ ይችላል። ቫቱ 22 በመቶ ነው፣ አስመላሹ ድርጅት የራሱን ስለሚቆርጥ ሙሉው አይመለስም። ኤርፖርት ሲደርሱ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ሸክፎ ከማስረከብ በፊት ጉምሩክ ጋ መሄድ ነው፣ አሳዩኝ ሊሉ ይችላሉ። መንገድ ላይ አንሶላ አንጥፈው የሚሸጡትን ፌክ ቦርሳ ደግሞ ተዉት፣ ገዢውም እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

ቀጥሎ ሚላኖን የምትጽፉ ከሆነ፣ የዳ ቪንቺን "የመጨረሻው እራት" ሥዕል ማያ ትኬት ቀደም ብሎ ካልተያዘ እንደማይገኝ፣ ሲገኝም የሚያቆዩት 15 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ እባካችሁ ከሱቆቹ ዝርዝር በላይ አስቀምጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ