«በበጋ ውጡ» ስትሉ የማንን በጋ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ዕትማችሁ ቤተሰብ ይዞ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ መውጣትን የሚያበረታታ ጽሑፍ አንብበናል። ሐሳቡ ደግ ነው። ሃይፋና በአጠገቧ ባሉት ቂርያቶች በሚባሉ ከተሞች ውስጥ ከሚኖረው ወገናችን ተራራውን በመስኮት እያየ ዓመታት የሚያሳልፈው ብዙ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን ሰው የምታሳስት አንዲት ቃል አለች። «በበጋ መሄድ ይመረጣል» ይላል። የማን በጋ?

ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው፤ በፈረንጁ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ማለት ነው። ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ወንዙ የሚሻገሩት። ሃይፋ ላይ ግን እነዚህ ወራት የዝናብ ናቸው፤ ጥርማ ዋናው ነው። እዚህ ተወልዶ ዕብራይስጡን በልቡ ወደ አማርኛ የሚመልስ ልጅ ደግሞ በጋ ሲባል የሚታየው «ካይፅ» ነው፤ ጁላይና ኦገስት፣ እኛ ክረምት የምንለው። ያችው አንድ ዓረፍተ ነገር አባትን ያለ ዝናብ ልብስ ጭቃ ውስጥ፣ ልጅን በቂ ውሃ ሳይዝ በቀትር ሸለቆ ውስጥ ትከታለች። እባካችሁ ወሩን በስሙ ጥሩት።

ከፍታውም ያሳስታል። ቀርሜሎስ ከባሕር ወለል በላይ ቢበዛ 546 ሜትር ነው። ጎንደር ከተማ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ ነውና፣ የደጋ ሰው «ይኼ ደግሞ ተራራ ተብሎ!» ቢል አይፈረድበትም። ግን ደጋ ላይ በወጡ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይደርቃል፣ ገላም ይበርዳል። እዚህ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ላቡን ቆዳ ላይ ያስቀረዋል፤ ላብ ካልደረቀ ገላ አይበርድም። በኅዳር ብርድ ለስግድ በዓል ጎንደር ውስጥ ወደ አምቦበር ኮረብታ ጾመው የወጡ እናቶች በዚያው ልክ ኦገስት ላይ ቀርሜሎስን ሊወጡ ቢያስቡ፣ ችግሩ ጉልበታቸው ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነው።

እንግዲህ ወራቱ እንዲህ ናቸው። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ሳይክላሜኑና ቀዩ አኔሞን የሚያብቡት ያኔ ነው። አበባውን መቅጠፍ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለልጆች ቀድሞ መንገር ነው። በዚህ ወቅት ሁለት ቀን ያልዘነበበትን ቀን ምረጡ። የተራራው የኖራ ድንጋይ በብዙ እግር ተረግጦ የለሰለሰ ስለሆነ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሚመስለው ሸለቆም ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎርፍ ያወርዳል። ኤልያስ ብላቴናውን ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ እያየ እንዲመለስ ያዘዘው በዚሁ ተራራ ላይ ነው፤ ዛሬም ዝናቡ የሚመጣው ከዚያው ከምዕራብ ነው። ሸለቆ ውስጥ ከገቡ በኋላ ባሕሩ አይታይምና፣ ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ምዕራብ ዞር ብላችሁ እዩ።

ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ መጀመሪያ «ሻራቭ» የሚሉት የምሥራቅ ትኩስ ነፋስ ይመጣል። ቀድሞ በአየር ትንበያ ስለሚነገር፣ በተነገረበት ቀን ጉዞውን መሰረዝ ነው፤ በጠዋት መነሣት አያድንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ልጅ ይዞ መውጣት የሚቻለው ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ በእስራኤል ሰዓት 6፡00 ተነሥቶ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለጨረሰ ብቻ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ደስ የሚል ቀዝቃዛ ጠዋት አላቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እስኪጥል ድረስ ጫካው ጭድ ነው። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ጽሑፋችሁ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣትን ይመክራል። እኛ ተቃራኒውን እንላለን። ሃይፋ ተሽከርካሪ ወደ ላይ አድርሶ፣ ሰው በእግሩ ወደ ባሕሩ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከታችኛው ከተማ ከፓሪስ አደባባይ ተነሥቶ በተራራው ሆድ ውስጥ የሚወጣው ካርመሊት የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ከ1959 ጀምሮ ያለ ሲሆን ስድስት ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፤ የላይኛው ጣቢያ ጋን ሃኤም ነው። ከቂርያቶች ለሚመጣ ደግሞ በ2022 ሥራ የጀመረው ራካቭሊት፣ ማለትም በገመድ ላይ የሚሄደው፣ ከሚፍራጽ ጣቢያ ተነሥቶ በቴክኒዮን በኩል ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያወጣል። ልጆች ለዚህ ብቻ ሲሉ በማለዳ ይነሣሉ። ካርመሊት በሰንበት አይሠራም፣ ዓርብም ቀድሞ ይዘጋል። ሰንበት አክባሪ ቤተሰብ በታኅሣሥ ወር ዓርብ ቀን ከወጣ ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን፣ ሰንበት ደግሞ ከዚያ በፊት እንደሚገባ አስቦ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ እንዲገኝ አድርጎ ይነሣ። ሸለቆ ውስጥ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።

ቁልቁለት ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ትንፋሽ አያሳጥርም፣ ግን ጉልበትን ይፈጃል፤ በተለይ የአረጋውያንን። ከዘራ ለቁልቁለት ያጥራል፤ ሰውየው ወደ ፊት ጎንበስ እንዲል ያስገድደዋልና። በሜዳ ከሚይዙት በአራት ጣት የሚረዝም ዱላ ያስፈልጋል። ሸበጥ ጫማ ደግሞ ቤት ይቅር። ወለምታ የሚበዛው ገደሉ ላይ ሳይሆን መንገዱ ሊያልቅ ሲል፣ እግር ሲደክምና ወሬ ሲበዛ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ናኻል ሲያኽ ይበቃዋል፤ «ናኻል» በዕብራይስጥ ጅረት ማለት ነው። ከሎቱስ መንገድ ጀምሮ ወደ ባሕሩ በኩል ይወርዳል፤ መሀሉ ላይ ምንጭ፣ የቆየ የፍራፍሬ ቦታ፣ የ13ኛው መቶ ዘመን የቀርሜላውያን ገዳም ፍርስራሽ አለ። አጭር ስለሆነ ልጅ የያዘ ሰው እየቆመ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። የምንጩን ውሃ ግን አትጠጡ፣ ልጆችም አይጠጡት። አገር ቤት ከዓለት የሚፈልቅ ውሃ ንጹሕ ነው ብለን አድገናል፤ እዚህ ግን በሸለቆው ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ የተሠራው ሰፈር የፍሳሽ ቧንቧው ወደዚያው ወደ ታች ሊያፈስ ይችላል።

«ትንሿ ስዊዘርላንድ» ውስጥ ያለው ናኻል ኬላኽ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ ላይ የተተከለ ብረት እየያዙ መውረድ ስላለበት ሕፃን ላዘለ ሰው አይሆንም፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ለማንም። አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ በመኪና ወደ ሙህራቃ ይሂድ። ስሙ በዐረብኛ «የተቃጠለው ቦታ» ማለት ነው፤ በልማድ ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋር የተከራከረበት ተብሎ የሚታመን፣ 482 ሜትር ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ከገዳሙ ሰገነት የኢይዝራኤል ሸለቆ ከነእርሻው ይታያል። ከሃይፋ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የናኻል መዓሮት ዋሻ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ መግቢያው በክፍያ ሲሆን ደረጃ ስላለው የሕፃን ጋሪ አያስኬድም።

ስለ ውሃ ጽሑፋችሁ «በቂ ውሃ ያዙ» ብሎ አልፏል። በቂ ስንት ነው? በቀዝቃዛ ቀን ለአንድ አዋቂ በእያንዳንዱ የጉዞ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በሙቀት እስከ አንድ ሊትር ይታሰብ። ለሁለት አዋቂና ለሦስት ልጆች፣ ለሦስት ሰዓት የመጋቢት ጉዞ፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሁለት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተኩል ሊትር ቢያዝ ስምንት ሊትር ተኩል ይሆናል፤ ይህ ስምንት ኪሎ ተኩል ነው። የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አያያዙ ላይ ነው። ሁሉም በአባትየው ሻንጣ ይከተታል፣ አባትየው ቀድሞ ይሄዳል፣ ኋላ የቀረው ልጅ ይጠማል። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ውሃ ይያዝ። ጠርሙስ የምታቀዘቅዙ ከሆነ ማታ ግማሹን ብቻ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፣ ጠዋት ቀሪውን ሙሉት። ሙሉውን ካቀዘቀዛችሁት ወይ ይፈነዳል፣ ወይ ውሃ ጥሙ ሲመጣ ገና ድንጋይ ነው።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ደህና ናቸው፤ ውሃ ግን ይጠይቃሉ፣ ጨው ነካ ቢደረግባቸውም ለላብ ይበጃል። ፍርፍር በተከደነ ዕቃ ተይዞ ጠዋት ቢበላ ይመረጣል። ሥጋ ወጥ በሙቀት ይበላሻል፤ ለማታ ይቆይ።

ልጅ ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው ወይም ለፍላፊው በድንገት ዝም ሲል «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ነጠላ በውሃ ነክራችሁ አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉ፣ አራግቡለት፣ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ከዘባረቀ ወይም ከፈዘዘ በአፉ ምንም አትስጡት፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ አምቡላንስ 101 ደውሉ። ሕፃን በአንቀልባ ማዘል በብርድ ጊዜ ይሆናል። በሙቀት ግን ቆዳው የእናትንና የልጅን ገላ አንድ ላይ ያግላል፤ ቀለል ያለ ጨርቅ ይሻላል፤ በየሃያ ደቂቃው ማውረድም ግድ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ጀበና፣ ከሰልና ጥድ ጥላ አንድ ላይ ደስ እንደሚሉ እናውቃለን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 2 ቀን 2010 የተነሣው የቀርሜሎስ እሳት 44 ሰው ገድሏል። ዲሴምበር ነው፤ ብርድ የገባበት ወር፤ ዝናቡ ግን ዘግይቶ ነበር። በ2016 ኖቬምበር ላይም ዝናብ ባልጣለበት ሰሞን የምሥራቅ ነፋስ እሳት ይዞ ሃይፋ ሰፈሮች ውስጥ ገባ፤ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። የጥድ ቅጠል ወድቆ ሲከመር ከላይ የጠፋ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይጤሳል፤ የከሰል ፍምም አመድ ለብሶ ለሰዓታት ይቆያል፤ አፈር መመለስ አያጠፋውም። ውሃ አፍስሶ፣ በእንጨት አማስሎ፣ እንደገና አፍስሶ፣ በእጅ ሲነኩት ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እሳት የሚፈቀደው በተመደበ ቦታ ብቻ ነው፤ ነፋስ ባለበት ደረቅ ቀን እዚያም አታንድዱ። ቡናው ቤት ይፈላና በፔርሙዝ ይምጣ። ጭስ ያየ 102 ይደውል።

በመንገድ ምልክቱ ላይ አንድ እርማት አለን። «ጥቁር ምልክት ከባድ መንገድ ነው» ብላችኋል፤ አይደለም። ሁለት ነጭ መስመር መሀል ያለው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም መንገዱን ከሌላው ለመለየት እንጂ ክብደቱን ለመንገር አልተቀባም። ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጎን ለጎን ካያችሁ አገሪቱን ከጫፍ ጫፍ የሚያቋርጠው የእስራኤል መንገድ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ምልክት ካጣችሁ «ወደፊት ይገኛል» አትበሉ፤ መጨረሻ ወዳያችሁት ተመለሱ። ካርታውን ስልክ ላይ ቤት ሳላችሁ ጫኑት፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

የዱር አሳማ ሃይፋ ውስጥ እንደ ጎረቤት ነው። ምግብ አትስጡት፤ ግልገል ካያችሁ እናትየው ቅርብ ናትና በጸጥታ ዞራችሁ እለፉ። በየካቲትና በመጋቢት ጥድ ሥር ተከታትለው በሰልፍ የሚሄዱ ጠጉራም ትሎች አሉ፤ ልጅ በጣም ይወዳቸዋል፣ ጠጉራቸው ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ከግንቦት በኋላ ድንጋይ መገልበጥ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ እጅ መክተት የለም፤ እዚህ አገር እጅግ የሚበዛው መርዘኛ እባብ፣ ጼፋ የሚሉት፣ ከቀን ሙቀት ሸሽቶ እንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ ይደበቃል።

በሚቀጥለው ዕትም እርማት የምታወጡ ከሆነ፣ ወራቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አነባበብ አትሙልን። አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ጋዜጣ ነው የሚያነቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀርሜሎስ የቤተሰብ ጉዞ የምናዘጋጅ አንባቢዎቻችሁ፣ ከሃይፋ