የህንድ ሕገ መንግሥት የእንግሊዝ ስጦታ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ህንድ ነፃነት ያወጣችሁት ጽሑፍ ሕገ መንግሥቱን የእንግሊዝ ውርስ ብቻ አድርጎ አቅርቦታል። በዚህ አልስማማም። እርግጥ ነው፣ ብዙ አንቀጾች የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ከወጣው የቅኝ አገዛዙ ሕግ ነው። ያ ሕግ ግን የዜጎችን መብት የሚዘረዝር ክፍል አልነበረውም። ድምፅ መስጠትንም በንብረትና በትምህርት ገድቦት ነበር።

መብቱን የጠየቁት የህንድ የነፃነት ታጋዮች ናቸው። ቅኝ ገዢዎቹ ያወጡት የ1919ኙ የራውላት ሕግ ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር ፈቀደ። በዚያው ዓመት በህንዷ አምሪትሳር ከተማ ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ጥይት ዘነበ። ይህን ያየ ሕዝብ የመብት ዋስትና ቢጠይቅ ምን ይገርማል? የነፃነት ትግሉን ይመራ የነበረው የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲ በ1931 ካራቺ ከተማ ላይ መሠረታዊ መብቶችን በውሳኔ አጸደቀ፤ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ሁሉ እንዲመርጥም ያኔውኑ ጠየቀ።

በሚቀጥለው እትማችሁ የካራቺውን ውሳኔና መሠረታዊ መብቶችን የሚዘረዝረውን የ1950ውን ሕገ መንግሥት ሦስተኛ ክፍል ተርጉማችሁ ጎን ለጎን አውጡልን።

አንባቢያችሁ