ፈቃድ የሚጠብቅ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ከእኛ በላይ፣ በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ነው፤ ውሃው ግን ቁልቁል ወርዶ በደጃፋችን ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎች ገድሏል። የሰፈራችንን የቴሌግራም ቡድን ያቋቋምነው ያን ሌሊት የማንረሳ ሰዎች ነን። ደጋው ላይ ያለ ዘመድ ዝናቡን አይቶ ይጽፋል፤ እዚህ ያለው ልጆቹን ቀስቅሶ ከወንዙ ይርቃል። በቀረው ጊዜ የጠፋ ፍየል፣ የለቅሶ ጥሪ፣ የተቋረጠ ውሃ ይወራበታል። አባላቱ ወደ 2,000 ይጠጋሉ። የቡድኑ ጠባቂዎች (አድሚኖች) አራት ነበርን፣ ሁላችንም ያለ ክፍያ።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት «ከባድ ውሃ እየወረደ ነው» የሚል መልእክት መጣ። ሰው ልጁን አቅፎ ወጣ። ውሃው መጣ፤ ነገር ግን ከወንዙ አሸዋ አላለፈም። በማግስቱ አንድ አባል «ሐሰተኛ መረጃ አሰራጭታችኋል፣ እከሳችኋለሁ» ብሎ ጻፈ። ከአራታችን ሁለቱ በዚያው ሳምንት ለቀቁ። አልፈረድኩባቸውም፤ አንደኛዋ የሦስት ልጆች እናት ናት።

እኔ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ፈልጌ አነበብኩ። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ስህተት ሆኖ የተገኘውን ሁሉ አይደለም፤ አሰራጩ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነ መሆን አለበት። ይህ ትንሽ አሳረፈኝ። ግን «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ለሌሊት ጎርፍ እንዴት ይተረጎማል? ዝናቡን በዓይኑ ያየ ሰው ውሃው የት እንደሚቆም ማወቅ ነበረበት ይባላል?

ይኸው አዋጅ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሳ ያዛል። እኛ ድርጅት አይደለንም። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ደግሞ ሕገ ወጥነቱን እያወቀ ያላነሳ «አገልግሎት ሰጪ»ን በወንጀል ይጠይቃል። እኛስ አገልግሎት ሰጪ ነን? ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። የቡድን አባል እንደ ተከታይ ይቆጠራል?

የጥላቻ ንግግር መከልከሉን ከልቤ እደግፋለሁ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው ግድግዳ በሚጋሩባት ከተማ አንድ ስድብ ምን እንደሚያቃጥል እናውቃለን፤ አዋጁ ሳይወጣም እንሰርዝ ነበር። ሶማልኛ በደንብ ስለማላነብ ጎረቤቴን በር አንኳኩቼ አስነብባለሁ። የእኛ 24 ሰዓት እንዲህ ነው የሚያልፈው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ የጫነው በሀገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ባላቸው የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ላይ ነበር። ብሪታንያ በ2023 ባወጣችው ሕግ ትንንሾቹንም አስገባች፤ ሸክሙን አንችለውም ብለው መዘጋታቸውን ያስታወቁ መድረኮች ነበሩ።

እኛ አልዘጋንም፤ ግን ከጠባቂዎቹ በቀር ማንም እንዳይጽፍ አደረግን። አባል መልእክቱን ለእኛ ይልካል፣ እኛ አይተን እንለጥፋለን። ነሐሴ ላይ ከደንገጎ መንገድ አንድ ሾፌር «ውሃው መጥቷል» ብሎ የላከው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እኔ ያነበብኩት ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ። ያን ሌሊት ውሃው ማንንም አልወሰደም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

የምጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ያለ ክፍያ የሰፈር ቡድን የሚጠብቅ ሰው ግዴታው ምን እንደሆነ፣ በቅን ልቦና የተላከ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንደማያስጠይቅ በግልጽ ይጻፍልን። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከደረሰን፣ የለቀቁትን ሁለቱን ቤታቸው ሄጄ እለምናቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የደቻቱ ዳር ነዋሪ፣ ድሬዳዋ