የድሮውን ቀን አትሰርዙት

ለአዘጋጁ፦

የአካባቢ ጥበቃ ደንቦች ቶሎ ይውጡ የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። እስማማለሁ። ግን ሥራው የቱ ጋ እንደሚቆም ሳይታወቅ «ፍጠኑ» ቢሉ ማን ይሰማል?

የአሜሪካኑን የእርሳስ (መርዛማው ብረት) አቧራ ጉዳይ ልጥቀስ። በድሮ ቤቶች ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ። ቀለሙ ሲፈረፈር አቧራው ወለሉ ላይ ይቀራል። የሚድኽ ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተሟጋቾች የሚፈቀደው የእርሳስ አቧራ መጠን እንዲቀንስ ለአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አመለከቱ። ኤጀንሲው በዚያው ዓመት እሺ አለ። ከዚያ ዛሬ ነገ ሲባል ስምንት ዓመት ሄደ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2017 መጨረሻ ዳኞቹ ቀን ቆረጡ፦ ረቂቁ በ90 ቀን፣ የመጨረሻው ደንብ ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት። በ2019 ደንቡ ወጣ። ለወለል የተፈቀደው መጠን በካሬ ጫማ ከ40 ማይክሮግራም ወደ 10 ወረደ። በ2009 ይድኽ የነበረው ልጅ አሥር ዓመት ሞልቶታል።

ለማፍጠን ሲባል የሕዝብ አስተያየት ጊዜ ይቆረጥ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እዚያው አሜሪካ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን ነው። ከስምንት ዓመት ላይ ሁለት ወር ቢቀነስ ምን ይጠቅማል? በጥድፊያ የወጣ ደንብ ደግሞ ፍርድ ቤት ሊጥለው ይችላል። ለነገሩ ሳይጣደፉም ሊወድቅ ይችላል፦ ኤጀንሲው በአስቤስቶስ (ለግንባታ የሚውል፣ ካንሰር የሚያመጣ ማዕድን) ላይ በ1989 የጣለው እገዳ አሥር ዓመት ተለፍቶበት ነበር፤ አብዛኛው ክፍሉ በ1991 ተሻረ።

መከታተያ ድረ ገጽ ይኑር የምትሉት ግን ልክ ነው። ኤጀንሲው ራሱ በ2010 አንድ ከፍቶ ነበር። የሚያሰጋው ግን ቀጠሮው ሲያልፍ አዲስ ቀን ተጽፎ አሮጌው ከዓይን እንዳይጠፋ ነው። ያኔ ገጹን የሚከፍት ሰው ሥራው በጊዜው እየሄደ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን ላይ መስመር ይሰመርበት፣ ግን ይነበብ። ፋይሉ የትኛው ክፍል ጋ እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠ ይጻፍ። የዘገየበት ምክንያትም ይጨመር፤ አንዳንዴ እኮ ጥናቱ ስላላለቀ ነው፣ ይህን ሰው ይረዳል።

እናንተም ብትሆኑ «ረቂቁ በዝግጅት ላይ ነው» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የተባለው ቀን መቼ እንደነበር ጠይቁና ከዜናው ጎን አትሙት።

አንድ አንባቢያችሁ