ጣራው ወድቋል፤ የእኛ ድርሻ ገና አልሞላም

ሰላም ወገኖች፣

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም መጻፍ ታክቶናል፣ እናንተም ማንበብ። ዝናቡ ግን አልታከተውም። በመጣ ቁጥር እዚህ እንግሊዝ፣ ሮዌል ከተማ ውስጥ ከሰፈሩ ሰው ጋር የምንጋራው አዳራሽ ያፈሳል።

እስከ መጨረሻው የማያነብ ስለማይጠፋ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ለአዳራሹ ጣራ ቃል የገባነው 6,000 ፓውንድ ነው። እስከ ትናንት ማታ የገባው 3,740 ነው። 2,260 ይጎድላል። ያለን ጊዜ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፤ ከታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው። የሂሳብ ቁጥሩ ቴሌግራም ቡድናችን ላይ ፒን ተደርጓል። ሂሳቡ የአዳራሹ ነው፣ የማናችንም የግል ሂሳብ አይደለም።

አሁን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ።

ኮርኒሱ የወደቀው ከጥምቀት በኋላ ባለው ዐርብ ሌሊት ነው። የዚያን ቀን ቀትር ላይ የከተማው አዛውንቶች እዚያው ምሳቸውን በልተው ሄደዋል። በማግስቱ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ልጆቻችን ፊደል ሊቆጥሩ ይመጡ ነበር። በሁለቱ መካከል ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ ያዥዋ እማማ (ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ እንጀራን “ያ ጎምዛዛ ፓንኬክ” የሚሉት) በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልገቡም። ከውስጥ የእርጥብ አመድ ሽታ ይመጣል። ልስኑ ውሃ ጠጥቶ ወለሉ ላይ እንደ በሶ ተለውሷል። ምጣድ የሚያህል ቁራጭ አንድ ትንሽ ወንበር ላይ አርፏል። ያ ወንበር ሁልጊዜ ማን እንደሚቀመጥበት አውቃለሁ። እናቷ ይህን ስለምታነብ ስሟን አልጽፍም። የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ከ“ሀ” እስከ “መ” ያለው ብቻ ይነበባል። የቀረው ቀለሙ ወርዷል።

ወደ ላይ ስናይ ሁለት ወራጆች በስብሰዋል። እዚህ አገር ብዙ የድሮ ቤት የሚከደነው በቆርቆሮ ሳይሆን በስስ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ይከብዳል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ሲመለስ ኖሯል። ስንት ክረምት እንደሆነ እንጃ።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ጣራውን ንፋስ በአንድ ሌሊት ቢነቅለው ኖሮ ይከፍሉ ነበር። በዓመታት ዝናብ ሲበሰብስ ግን እርጅና ነው፣ እርጅና ደግሞ የባለቤቱ ጣጣ ነው ይላሉ። ውሉን አንብበናል፣ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አቤት ብለን ሁለት ጊዜ ያንኑ ደብዳቤ ላኩልን።

ከዚያ ሥራው ለምን ይህን ያህል ይወደዳል ለምትሉ። ጣራው ብቻ አይደለም። ሕንፃው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ይኑርበት አይኑርበት መመርመር አለበት። እንግሊዝ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ሁሉ ይጠረጠራል። ለሠራተኛው መወጣጫ የሚተከለው የብረት ርብራብ በሳምንት ኪራይ ነው፤ ሥራው ሲጓተት ኪራዩ ይቆጥራል። በዚህ ሁሉ ላይ 20 በመቶ ቫት አለ። ተደምሮ 48,000 ፓውንድ መጣ። 30,000ውን አንድ የዕርዳታ ድርጅት ይሸፍናል፣ ግን የቀረውን 18,000 ነዋሪው ራሱ ካሟላ ብቻ ነው። የከተማው ሰው 12,000ውን እሸፍናለሁ አለ። እኛ 6,000 አልን።

የከተማው ሰው የራሱን ጨርሷል። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል። የምሳው አዛውንቶች ኬክ ጋግረው፣ የድሮ መጽሐፍ ሸጠው ነው ያሟሉት። አንዱ ሽማግሌ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ለልደታቸው ስጦታ አታምጡልኝ፣ ለጣራው ስጡልኝ ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ደመወዝ የምናገኝ ሰዎች ነን። ኬተሪንግ ሆስፒታል የምንሠራ አለን፣ ኤ14 መንገድ ዳር ያሉት መጋዘኖች ውስጥ ሌሊት የምንገባ አለን፣ አረጋውያን የምንንከባከብ አለን። ሀብታም አይደለንም። ግን 2,260 ፓውንድ ያቅተናል?

“ካውንስሉስ (የአካባቢው መስተዳድር) የት ሄደ?” የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ልክ ነው፣ ግብር እንከፍላለን። ግን የዚህን ካውንቲ ታሪክ የቆያችሁት ታውቁታላችሁ። የኖርዝሃምፕተንሺር ካውንቲ ካውንስል በየካቲት 2018 ገንዘቤ አልቋል ብሎ አዲስ ወጪ አቆመ። ከ36 ቤተ መጻሕፍት 21ዱን ልዝጋ አለ። ነዋሪው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከራከረ፣ በየከተማው በጎ ፈቃደኞች ተነሱ፣ ብዙዎቹ ተረፉ። ካውንስሉ ራሱ ግን አልተረፈም፣ በሚያዝያ 2021 ፈርሶ ለሁለት ተከፈለ። እና አሁን ማንም መጥቶ ጣራችንን አይሠራልንም። ባለቤቱ የሚጠቀምበት ሰው ነው። እኛም ከሚጠቀሙት ውስጥ ነን።

ስለዚህች ከተማ አንድ ነገር ላውራ፣ ከነገሩ ብዙም አልወጣም። ሮዝዌል ተብላ ትጻፋለች፣ ሰዎቿ ሮዌል ይሏታል። ገበያዋን ንጉሥ ጆን የፈቀደላት በ1204 ነው። መሀል ከተማ ያለውን የድንጋይ ገበያ ቤት ሁላችሁም በአጠገቡ አልፋችኋል፣ ልጆቻችሁም ደረጃው ላይ ቺፕስ በልተዋል። ሰር ቶማስ ትሬሻም የሚባል ባላባት በ1578 አስጀመረው። ካቶሊክ ነበር፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ሲታሰርና ሲቀጣ ኖሮ በ1605 ሞተ። ሕንፃው ግድግዳው ቆሞ ጣራ ሳያገኝ ቀረ። ጣራ የገባለት በ1895 ነው፣ የኬተሪንጉ አርክቴክት ጆን አልፍሬድ ጎች ጨረሰው። ዓድዋ ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያለ ጣራ! የእኛ ልጆች ያን ያህል አይጠብቁም።

ደግሞ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ትሬሻም ይህን የሠራሁት ለጎረቤቴ ከተማ ነው፣ ከጋራ ጥቅም በቀር የፈለግሁት የለም ይላል። ቀጥሎ ግን ይህን ሥራ በክፉ የሚተረጉም ሰው ለዚህ ያህል በጎ ነገር እምብዛም የተገባ አይደለም ብሎ ይጨምራል። ያኔም ሐሜት ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ያዣችን ይህን ስተረጉምለት “እኔ ነኝ የጻፍኩት” ብሎ ሳቀ። ሳቁ የድካም ሳቅ ነው።

ስለዚህ ወደ ሐሜቱ እንግባ።

በ2022 ኩሽናውን ስናድስ ጣራው ለምን አልተሠራም ይባላል። ያ ገንዘብ ለኩሽና ብቻ ተብሎ የተሰጠ ነው። ለሌላ ነገር ብናውለው መመለስ ነበረብን። ምግብ ለሕዝብ የሚቀርብበት ቦታ ለእጅ ብቻ የሚሆን መታጠቢያ ያስፈልገዋል፣ ያ አልነበረንም። የጋዝ ምድጃው እሳቱ ይጠፋ ነበር። እዚያ ኩሽና ውስጥ ለስንት ለቅሶ ወጥ እንደተሠራ፣ ለስንት ክርስትና ዶሮ እንደተገነጠለ ቁጠሩት። አሁንም ኩሽናው ደህና ነው፣ የወደቀው ዋናው አዳራሽ ነው። ስለዚህ የኩሽናው ወጪ አይቆጨንም።

የሚቆጨን ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥግ ላይ እርጥበት ታይቶ ነበር። በ380 ፓውንድ አንድ ሰው አመጣን፣ ከላይ ለጥፎ ሄደ። ርካሽ ስለሆነ ደስ አለን። ውስጡን ማስፈተሽ ነበረብን፣ አላስፈተሽንም። ያ የኮሚቴው ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም።

ኮሚቴው በመዋጮው ቡና ይጠጣል ለሚባለው ግን፣ የስብሰባው ቡና ከየቤታችን ነው። እሱን እንኳን ተዉልን።

ደብተሩ ክፍት ነው። ማየት የፈለገ ይምጣ፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ በቀኑ ተሰክቷል።

ጥሩ ነገርም ሠርተናል፣ እሱንም እንናገር። በኮሮና ጊዜ ከዚህ አዳራሽ ምግብ ለየቤቱ ስናደርስ የነበርነው እኛም ነን። ያኔ በር ላይ ምስር ወጥ የተቀበሉ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆሙናል። ባለፈው ዓመት ሮዌል ፌር፣ የከተማው ዓመታዊ በዓል ላይ፣ ጀበና ይዘን ወጣን። ፌሩን የማታውቁ ካላችሁ ከሥላሴ እሑዳቸው ማግስት ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዋጅ ነጋሪው ፈረስ ላይ ሆኖ የፌሩን አዋጅ እያነበበ በየመጠጥ ቤቱ በር ይዞራል፣ ሰው በባዶ ሆዱ ሩም የሚሉትን አረቄ በወተት ይጠጣል። እኛ ከዚያ በኋላ ቡና ሰጠናቸው። ባይነግሩንም እንደጠቀማቸው አይተናል። 412 ፓውንድ ገባ። ዘንድሮም እንወጣለን፣ ግን ፌሩ የሚውለው ከቀነ ገደቡ በኋላ ነው፣ አይደርስልንም።

ልጆቹ አሁን የሚማሩት በአንዲት እናት ሳሎን ነው። አሥራ አራት ናቸው። ሳሎኑ ስምንት ይይዛል። የቀሩት ደረጃው ላይ በየእርከኑ አንድ አንድ ይቀመጣሉ፣ ትንሹ ከታች፣ ትልቁ ከላይ። አስተማሪዋ መሀል ቆማ ወደ ላይም ወደ ታችም ታስተምራለች። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤት መጥቶ በሩን አንኳኳ። ጫጫታ ነው ሊል መስሎን ደነገጥን። ሁለት ወንበር ይዞ ነው የመጣው።

አዳራሹ የሰፈሩም የእኛም ነው። መጀመሪያ ስንመጣ ዓመት ሙሉ ኪራይ አልጠየቁንም። ያኔ እንግዳ ነበርን። አሁን ልጆቻችን እዚህ ተወልደው የሰፈሩን እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት፤ እንግዳ ነን ብለን ከመዋጮ የምንቀርበት ጊዜ አልፏል። አገር ቤት ዕድር ያልከፈለ ሰው ድንኳን ሲያስፈልገው በምን ዓይኑ ይጠይቃል?

ክርስቲያኑ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያውቃል፣ ሙስሊሙ ሰደቃን ያውቃል፤ እኔ ለማንም አልሰብክም። ፋሲካም ዒድም አልፈዋል፣ ኪስ እንደሳሳ ይገባናል። አርባ ቤተሰብ ነን። ያልሰጠው ቤተሰብ አሥራ ዘጠኝ ነው። ስም አንጠራም። ወደ ሊድስና በርሚንግሃም የሄዳችሁ፣ ዱባይ ያለኸውም ወንድማችን፣ እናንተም ከዚህ አዳራሽ በልታችኋል። አገር ቤት ያሉትን ግን አንጠይቅም፣ ያለባቸው ይበቃቸዋል።

አከፋፈሉን እንደገና ልናገር፣ ባለፈው ስለተምታታ።

ሂሳቡ ቴሌግራሙ ላይ ፒን የተደረገው ነው። ስሙን አንድ ፊደል ሳትስቱ አስገቡ። የባንኩ መተግበሪያ ስሙ አይገጥምም ካላችሁ አትላኩ፣ አቁማችሁ ጠይቁን። ማመሳከሪያው ላይ “ጣራ” የሚለውንና ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። አንድ ጋሼ በአማርኛ ሊጽፉ ግማሽ ሰዓት ታግለዋል፣ ባንኩ የእኛን ፊደል አይቀበልም። ባለፈው ወር ስም የሌላቸው ሦስት ክፍያዎች ገብተዋል፤ ሁለቱ 20፣ አንዱ 50። የማን እንደሆኑ ንገሩን፣ ከዝርዝሩ እንዳትቀሩ።

እዚህ አገር የገቢ ግብር የምትከፍሉ ጊፍት ኤይድ የሚለውን ቅጽ ሙሉ። ከእናንተ ምንም አይወጣም፣ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ይጨምራል። 20 የሰጠ 25 ሆኖ ይደርስለታል። ይህ ጭማሪ ዘግይቶ ስለሚመጣ ከላይ በተጻፈው 3,740 ውስጥ አልቆጠርነውም፣ ከ6,000ውም አያጎድልም።

በግል ሂሳብ ለማንም አትላኩ። እኔ ነኝ ብሎ ቢደውልም አትላኩ፣ እኔ አልደውልም።

በጥሬ ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ፣ ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገንዘብ ያዣችን የአዳራሹ በር ላይ ይቆማል። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እባካችሁ አታስጠብቁት። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። 2,260 ነው የቀረው፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ማመሳከሪያው “ጣራ”።

የአዳራሹ ጣራ ኮሚቴ
ሮዌል