የአጥንት ብረት ላይ በረኪና አታፍስሱ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

«ብረት የገባለት» ሰው ብረቱ ገላው ውስጥ ሲሰበርበት ጥፋቱ ወይ «ቶሎ ረግጦበት ነው» ተብሎ በታማሚው፣ ወይ በአምራቹ ይላከካል። ሁለቱም የሚሆን ነገር ነው። መሣሪያ ታጥቦ ከጀርም የሚጸዳበት የማምከኛ ክፍል ግን ስሙ ሲነሳ አይሰማም።

ለፕሌት (የተሰበረ አጥንት ለሚያያዝበት ጠፍጣፋ ብረት) እና ለብሎን የሚውለው ስቴይንለስ ስቲል ከ17 እስከ 19 በመቶ ክሮሚየም አለው። ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ የሚሠራው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆን ሽፋን ነው። ቢጫርም አየር ካገኘ መልሶ ይደፈናል። ክሎራይድ የሚባለው የክሎሪን ውህድ ግን ነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድ እየሆነ ስለሚሄድ፣ ኦክስጅንም ስለማይደርሰው ሽፋኑ አይመለስም፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ይበላል። በኋላ ታማሚው በተራመደ ቁጥር ፕሌቱ በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያችው ቀዳዳ ነው።

ክሎራይዱ ከየት ይመጣል? ከበረኪናው። አንድ እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ያገለገለ መሣሪያን 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመታጠብ በፊት በክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም፤ ብረት ይበላል፣ ደምም የክሎሪኑን ኃይል ያዳክመዋል። ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ትሪ ደግሞ ለየቀዶ ሕክምናው ተከፍቶ እንደገና ስለሚታጠብ፣ ብዙ ጊዜ የተጎዳው እምብዛም የማይፈለገው ረጅሙ ብሎን ነው። አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ደም ሳይደርቅ በለብታ ውኃና አሲድም አልካሊም ባልሆነ ሳሙና፣ በናይሎን ብሩሽ ማጠብ። የድስት ሽቦ ፈጽሞ አይነካውም፤ የሽቦው ብናኝ ተሰክቶ ይቀርና ይዝጋል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውኃ ይሁን፣ ጨዋማ ግሉኮስም ሆነ ሳላይን (የጨው ውኃ) አይሁን፤ ከዚያ በደንብ አድርቆ ወደ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ማስገባት። ቡናማ ነጥብ በአጉሊ መነጽር የታየበት ብሎን ይጣል። ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ የወጣ ብሎንማ መልሶ እንደማይገባ አያነጋግርም።

ሌላው የአጥንት ብረት ታይታኒየም በክሎራይድ በቀላሉ አይበሳም። ሰማያዊው ወይም ወርቃማው ቀለሙ ቅብም ወርቅም አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ከወፈረው የኦክሳይድ ሽፋኑ ላይና ታች የሚመለሰው ብርሃን ሲደራረብ የሚታይ ነው። በ30 ቮልት አካባቢ ሰማያዊ፣ ወደ 60 ሲጠጋ ወርቃማ ይሆናል። ኃይለኛ አልካሊ ሳሙና ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ያኔ በቀለም የሚለየው የብሎን መጠን ይምታታል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው በሃይድሮክሲአፓታይት የተሸፈነው የዳሌ መገጣጠሚያ ዘንግ ነው። ሽፋኑ የአጥንት ማዕድን ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሆኖ በፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ይረጫል። ውፍረቱ ሲበዛ ይሰነጠቅና ይላጣል፣ ክሪስታልነቱ ካነሰ ደግሞ ቶሎ ይሟሟል። በቁስል መጥረጊያ ጨርቅ (ጎዝ) አይጠረግ፣ ክሩ ይያዝበታል፤ በጣት አይነካ። ማሸጊያው ተከፍቶ ካልተጠቀሙበት፣ ዋጋው ቢያምም፣ አምራቹ ካልፈቀደ በእንፋሎት ተመልሶ አይመክን።

ገዢዎችም በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ «የተሸፈነ» ብላችሁ አትለፉ። የሽፋኑ ውፍረት በማይክሮን፣ የካልሲየምና የፎስፈረስ ጥምርታው (1.67 አካባቢ)፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ጥንካሬ ከ15 ሜጋፓስካል እንዳያንስ፣ ከነምርመራ ወረቀቱ ይጠየቅ።

ከሰላምታ ጋር
የሕክምና መሣሪያዎች ባለሙያ፣ አዲስ አበባ