«ይህንኑ» ያላችሁት ዕቅድ ለኛ አይሆንም

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ

ባለፈው እሁድ ከልጆች ጋር 3 ቀን አዲስ አበባን ስለመጎብኘት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ራሴ በስልኬ፣ አንዴ ደግሞ ትልቋ ልጄ ጮክ ብላ ስታነብልኝ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የቦታዎቹ ምርጫም መጥፎ አይደለም። ያናደደኝ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ከክልል ከተሞች የሚመጡ ቤተሰቦችም ይህንኑ ዕቅድ መከተል ይችላሉ» ትላለች።

ይህንኑ!

የቱን? ዕቅዱ የሚጀምረው ከቦሌ ነው። ቤተሰቡ ከአውሮፕላን ይወርዳል። በ15 ደቂቃ ሆቴል ይገባል። ልጆቹ ገላቸውን ታጥበው ምሳ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ይወጣሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ቤተሰብ ይሄ ጥሩ ይሆናል፤ እነሱም ልጆቻቸውን ሀገራቸውን ቢያሳዩ ደስ ይለኛል። ግን አዲስ አበባ የኛም ዋና ከተማ ናት። በባቡርና በአውቶቡስ የምንገባው እኛ በቁጥር ጥቂት አይደለንም። ለነሱ አንድ ሙሉ ገጽ፣ ለኛ አንድ ዓረፍተ ነገር። እሷም ስህተት።

በመጀመሪያ ደረጃ እኔ የምኖርባት ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ አስተዳደር ናት። ትንሽ ነገር ይመስላል። አዲስ አበባ በወጣን በገባን ቁጥር «ከክፍለ ሀገር ነው የመጣችሁት?» እየተባልን ለምንጠየቅ ሰዎች ግን ትንሽ አይደለም። ጋዜጣ ሲደግመው ደግሞ የበለጠ ያማል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለፈው ሐምሌ ሦስት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የ11፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች ናቸው። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ነበርኩ። ለጉዞው ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሬ ዕቁብ ስጥል ነበር። ዕጣው ሰኔ ላይ ደረሰኝ። ትልቋ ሰኔ 30 ካርዷን ይዛ ስትመጣ «ቃልሽን አትርሺ» አለችኝ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ድንቅነሽን አሳይሻለሁ እያልኩ ሳስጠብቃት ነበር። እንዲህ ያለ ጉዞ ለኛ የሳምንት መጨረሻ ሽርሽር አይደለም። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ነው። ለዚህ ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንታለፍ የሚቆጨኝ።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ ሌሊት ይነሳል። የሂርናና የአሰበ ተፈሪን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። መካከለኛው ልጄ መኪና ያስመልሰዋል። ስለዚህ በባቡር ለመሄድ ወሰንን። ባቡሩ በኛ ጊዜ በየቀኑ አይነሳም ነበር፤ ቀን ይዘላል። እንግዲህ የናንተን «3 ቀን» እዚህ ላይ አስቡት። የምመለስበትን ቀን የምመርጠው እኔ ሳልሆን ባቡሩ ነው። ወይ 2 ቀን ይሆናል ወይ 4። ሦስት ቀን ብዬ ሆቴል ብይዝ ወይ አንድ አዳር እከስራለሁ፣ ወይ ሦስት ልጅ ይዤ ማደሪያ ፍለጋ እዞራለሁ። ከዚህ የበለጠ ለዕቅድ የሚያስፈልግ መረጃ አለ? ጽሑፋችሁ ውስጥ ግን ባቡር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

መንገዱ ራሱ ግን ግማሹ ጉብኝት ነበር። ልጆቹ የአዋሽን ፓርክ ሳላ፣ ያንን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ፣ ለማየት መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ዋሉ። ሳላ አላየንም። ግመል በሽ ነበር፣ ግመል ደግሞ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። አዋሽን ስንሻገር ለትልቋ ነገርኳት። ይሄ ወንዝ ወደ ታች ወደ አፋር ይወርዳል፣ ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያው የአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ሐዳር ላይ ነው፣ በ1967 ዓ.ም. አልኳት። ዝም ብላ ወንዙን አየችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሙዚየም ውስጥ «እማ፣ የዚያ ወንዝ ልጅ ናት አይደል?» አለችኝ። በአውሮፕላን ብንሄድ ይሄ ወሬ አይኖረንም ነበር። አያችሁ፣ የኛ መንገድ የራሱ ሀብት አለው። ጸሐፊያችሁ ቢጠይቀን ኖሮ እንነግረው ነበር።

ለቡ ስንደርስ እየመሸ ነበር። ዝናብ ይዘንባል። ጸሐፊው ለቡ ጣቢያን በዓይኑ አይቶት ያውቅ ይሆን? ጣቢያው ከተማው ዳር ነው። ድሮ አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ከድሬዳዋ የተሳፈረ ሰው የሚወርደው ለገሀር፣ መሀል ከተማ ነበር። ከዚያ በእግሩ እስከ ስታዲየም ይሄዳል። እኛ የወረድንበት ቦታ ከአክስቴ ቤት ጋር የከተማው ሁለት ጫፍ ነው። እሷ ያለችው ኮተቤ ነው። በስልክ የጠራሁት የመጀመሪያው ታክሲ ሦስት ልጅና ሁለት ሻንጣ ሲያይ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛው 1,200 ብር ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ትንሹ ልጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ብርዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ልጆቼ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሙቀት ተነስተው በአንድ ቀን የሐምሌ ብርድ ውስጥ ገቡ። ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ትምህርት የሚዘጋው ደግሞ ክረምት ነው፤ ልጆች ይዞ ለመሄድ ሌላ ረጅም ጊዜ የለም። እኔ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ስስ ሹራብ ይዤ ነበር። ለኛ ሰፈር ብርድ እሱ በቂ ነው። በማግስቱ የመጀመሪያ ሥራዬ መገናኛ ወርጄ ጃኬት መግዛት ሆነ። የዕቁቤ ገንዘብ አንድ ክፍል እዚያ ቀረ። «ወፍራም ጃኬትና ካልሲ ያዙ» የምትል አንዲት መስመር ይህን ታድነኝ ነበር። እናንተ ግን ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ጻፋችሁ።

አሁን ወደ እንጦጦ። በናንተ ዕቅድ የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ነው። እኔም ያኔ የናንተን የመሰለ ዝርዝር ከሌላ ቦታ አግኝቼ ነበር፣ እሱም እንጦጦን አስቀድሞ ነበር። አመንኩት። ጃኬቱን እንደገዛን ወጣን። ፓርኩ ቆንጆ ነው፣ ዛፉም መንገዱም ልጅ ያስደስታል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከድሬዳዋ ለመጣ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ መጨመር ማለት ነው። የ7 ዓመቱ ልጄ ራሱን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው። መኪና አልነበረም፣ ያመመውም ቅድም የበላው አልነበረም። አየሩ ነው። ሐሩር አካባቢ ያደገ ልጅ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ከተማው ውስጥ ይቆይ፣ እንጦጦ መጨረሻ ላይ ይሁን። ይሄ ቀላል ነገር ነው። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከሰመራ የመጣን አንድ ወላጅ ቢጠይቁ የሚገኝ መልስ ነው።

ሌላም ያላያችሁት ነገር አለ። አብዛኞቻችን ሆቴል አናርፍም። ዘመድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ እያለህ ሆቴል ብትገባ ቅያሜው ለዓመታት አይለቅም። እኔም ለአክስቴ የድሬን ጣፋጭ፣ ሙሸበክና ሃላዋ፣ ይዤ ነው የገባሁት። አክስቴ ደግሞ ቁርስ ሳንበላ አትለቀንም። ቁርስ ካለ ቡና አለ። ቡና ካለ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው። የናንተ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ይጀምራል። የኛ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይሄ ጉድለት አይደለም። ልጆቼ የአክስቴን ልጆች ያወቁት በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለኛ የሚሆን ዕቅድ በቀን ሦስት አራት ቦታ አይደረድርም። በቀን አንድ ቦታ ይበቃል፣ ከበዛ ሁለት።

እውነቱን ለመናገር የተሳካልን ቀን ያንን ያደረግንበት ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን፣ ሌላ ምንም አልጨመርንም። ድንቅነሽን አየን። ልጆቼን ይዛ ያስቀረቻቸው ግን ሰላም ናት። ከዲኪካ የተገኘችው፣ ሦስት ዓመት ገደማ የነበራት ሕፃን። ትንሹ ልጄ «እናቷ ድንቅነሽ ናት?» አለ። ትልቋ አይደለችም አለችው፤ ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት፣ ሰላም ደግሞ የ3.3፣ ሰላም ነው የምትቀድመው ብላ አስረዳችው። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ታዲያ እናቷ የታለች?» እያለ እስከ ታክሲው ድረስ መጣ። ጽሑፋችሁ ሙዚየሙን በ45 ደቂቃ እንጨርሰው ይላል። እኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየን። ሰላምንም አንድ ጊዜ አልጠራችኋትም። ለልጆች የተጻፈ ዕቅድ ውስጥ ያቺ ሕፃን እንዴት ትቀራለች?

ለገሀርም ቀርቷል። እሱን በግሌ ነው የምቀየመው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አባቴ በዚያ መስመር ላይ አርጅቷል። ልጆቼን ወስጄ የአንበሳውን ሐውልት አሳየኋቸው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት እንደነበርና በኋላ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። የ7 ዓመቱ ልጅ «በባቡር ነው የመጣው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አያቱ ቢኖር ያውቅ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው ክር ይህ ነው። ለድሬዳዋ ልጅ አዲስ አበባን ማሳየት የሚጀመረው ከዚህ ይመስለኛል። ቢያንስ ከቦሌ አይደለም።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። ሁሉም ሰው የራሱን ኪስ ያውቃል። ነገር ግን በናንተ ዝርዝር ላይ የአንድ ቀን ምሳ ብቻ እኔ ለሦስቱም ልጆች ጃኬት ካወጣሁት ይበልጣል። አንበሳ ግቢ አጠገብ በላስቲክ የያዝነውን እንጀራ ፍርፍር በልተናል። ማንም አልራበውም።

የምጠይቃችሁ ነገር ከባድ አይደለም። አንድ ጋዜጠኛ ባቡር በሚገባበት ቀን ለቡ ይምጣ። ልጅ የያዙትን እናቶች ይጠይቅ። የት ታርፋላችሁ፣ በምን ትሄዳላችሁ፣ ምን ረሳችሁ ይበል። ላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያም ይሂድ፤ ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚገቡትም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የኛን ዕቅድ ከኛ አፍ ይጻፈው።

እስከዚያው ግን አንድ እርማት አውጡልኝ። እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ በነሐሴ ልትሄድ ያንን ገጽ ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች። ትናንት ደውዬ ጃኬት ግዢ፣ እንጦጦን መጨረሻ አድርጊው፣ የመመለሻውን ባቡር ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ ብያታለሁ። «ጋዜጣው ግን ይህንኑ ተከተሉ ይላል» አለችኝ። እኔን ሳይሆን እናንተን ነው የምታምነው። ስለዚህ ያቺን ቃል አንሱልኝ፤ እህቴ ሳትነሳ።

የሦስት ልጆች እናት
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ